ሐኪም ቤት ለራቀው የተራራ መንደር፦ ሕመሙ ሳይመጣ የሚሠራ ሥራ

ተራራ ላይ ያለ መንደር ስለ ሕክምና ሲያማርር መጀመሪያ የሚያነሣው መንገዱን ነው። እውነቱን ነው። መኪና አይገባም፣ ገደሉ ያስፈራል፣ ዝናብ ሲጥል ወንዙ ይሞላል። ግን አንድ ሰው ከታመመበት ሰዓት ጀምሮ ሐኪም እጅ እስኪገባ ያለፈውን ጊዜ ቁጭ ብላችሁ ብትደምሩት ሌላ ነገር ታያላችሁ። መንገዱ ከበላው ይልቅ ቤት ውስጥ የባከነው የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው። «እስኪ እስከ ጠዋት እንየው።» «አባቱ ይምጣ።» «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» «ማን ይሸከማል?»

ሴሪን ታዲየስ እና ዲቦራ ሜይን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ1994 እ.ኤ.አ. የእናቶችን ሞት ሲያጠኑ መዘግየቱን በሦስት ከፍለውት ነበር። አንደኛው ለመሄድ እስኪወሰን ያለው ነው። ሁለተኛው መንገድ ላይ ያለው ነው። ሦስተኛው ሕክምና ቦታው ከተደረሰ በኋላ ተገቢው እርዳታ እስኪሰጥ ያለው ነው። መንገዱን ራሳችሁ አትጠርጉትም፣ ሆስፒታሉንም አትሠሩትም። የመጀመሪያውን መዘግየት ግን መንደሩ ያለ ማንም እርዳታ ሊያሳጥረው ይችላል። ይህ መመሪያ በአብዛኛው ስለዚያ ነው።

የተጻፈውም ሰው ሰብስቦ ሥራ ማስጀመር ለሚችል ሁሉ ነው። ለአስተማሪው፣ ለጤና ሠራተኛዋ፣ ለሽማግሌው፣ ስልክ ለያዘው ወጣት። ሐኪም አያደርጋችሁም። ሕመምተኛው በጊዜ ሐኪም ፊት እንዲቀርብ ግን ያግዛችኋል።

1. መንገዱን በሰዓት ለኩት

«ጤና ጣቢያው 10 ኪሎ ሜትር ነው» የሚል ሰው ገና ምንም አልነገራችሁም። ሜዳ 10 እና ዳገት 10 አንድ አይደሉም። ዊልያም ኔይስሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቀላል ስሌት አለ። ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት ያዙ። ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ሽቅብ ደግሞ 1 ሰዓት ጨምሩ። 10 ኪሎ ሜትር ሆኖ 600 ሜትር የሚያስወጣ መንገድ 3 ሰዓት ይፈጃል ማለት ነው።

ይህ ግን ጤነኛ፣ ሸክም የሌለበትና በቀን የሚጓዝ ሰው ሒሳብ ነው። ቃሬዛ የያዘ ቡድን ከዚያ በጣም ይዘገያል። ትክክለኛውን ሰዓት የሚነግራችሁ ልምምድ ብቻ ነው። አንድ ጤነኛ ሰው ቃሬዛ ላይ አስተኝታችሁ እስከ መኪናው መንገድ ድረስ ተሸክማችሁ ውረዱ። ሳቅና ጨዋታ ይበዛዋል፣ ይብዛ። የት እግር እንደሚያንሸራትት፣ የትኛው ጠባብ ኩርባ ላይ ቃሬዛው እንደማይዞር የሚታወቀው በዚያች ቀን ነው። ከተቻለ አንዴ በጭለማ ድገሙት።

ስትመለሱ ደብተር ላይ ጻፉት። በደረቅ ቀን ስንት ሰዓት፣ በዝናብ ስንት ሰዓት። ስልክ የሚሠራው የት ቦታ ላይ እንደሆነ። ወንዙ ሲሞላ በየት በኩል እንደሚዞር። መኪና የሚደርሰው እስከ የት እንደሆነ፣ ቦታውንም የአምቡላንስ ሾፌሩ በምን ስም እንደሚያውቀው። ይህቺ የመጨረሻዋ ቀላል ትመስላለች። እናንተ በአንድ ስም ስትጠሩት እሱ በሌላ ስም የሚያውቀው ቦታ ላይ መጠባበቅ ግን ብዙ ሰዓት ይበላል።

አብሮ የሚጣራ ሌላ ነገር አለ። ቅርብ ያለው ተቋም ሁልጊዜ ትክክለኛው አይደለም። ቀዶ ሕክምና የሚሠራው የትኛው ነው? ደም የሚሰጠውስ? ኦክስጅን ያለው? የእባብ መርዝ ማርከሻ የሚገኝበት? በሰላሙ ጊዜ ደውላችሁ ወይም ሄዳችሁ ጠይቁና ከእያንዳንዱ ተቋም ስም ጎን ጻፉ። የሚደማን ሰው 4 ሰዓት ተሸክሞ «እዚህ አይሠራም፣ ሪፈር ነው» መባል የሚያመው ያኔ ነው።

2. «ሂዱ» የሚለውን ሰው አስቀድማችሁ ሰይሙ

ከሁሉም የሚከብደው ይሄኛው ነው። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ግን ቤተሰብ ውስጥ ያለውን ሥልጣን ይነካል።

ሌሊት 8 ሰዓት ነው እንበል። ሕፃኑን አንዘፈዘፈው። እናት ብቻዋን ናት፤ ባል ለሥራ ርቆ ሄዷል። አማት «ያልፍለታል» ትላለች። ጎረቤት ነቅቷል፣ ግን በሰው ቤት ጉዳይ መግባት ይፈራል። ማንም ክፉ አላሰበም። ጎሕ እስኪቀድ ግን ማንም አልተነሣም።

ይህን መስበር የሚቻለው ማንም ባልታመመበት ቀን ነው። መንደሩን ሰብስቡ። ሴቶቹ፣ በተለይ አማቶችና የልምድ አዋላጆች፣ ጥግ ላይ ተቀምጠው የሚያዳምጡ ሳይሆኑ ተናጋሪዎች ይሁኑ፤ ሌሊት ላይ ድምፃቸው የሚሰማው እነሱ ናቸውና። ሦስት ነገር ላይ ተስማሙ።

በእያንዳንዱ ቤት የቤቱ አባወራ በማይኖርበት ጊዜ የሚወስኑ ሁለት ሰዎች ይጻፉ። አንዷ እናትየዋ ራሷ ትሁን። አባወራው በሰው ፊት «እኔ ሳልኖር እሷ ከወሰነች እኔ እንደወሰንኩ ነው» ብሎ ይናገር። ይህ ቃል ከተነገረ በኋላ ብዙ ጭቅጭቅ ይወገዳል።

ቀጥሎ፣ ከዚህ በታች የተጻፉት የአደጋ ምልክቶች ከታዩ ምክክር የሚባል ነገር እንደማይኖር ተስማሙ። ምልክቱ ራሱ ውሳኔ ነው። ታይቶ ከሆነ ጉዞ ይጀመራል።

ሦስተኛው የጎረቤት ጉዳይ ነው። ምልክቱን ያየ ጎረቤት ተሸካሚዎችን የመጥራት መብት ይኑረው። ጤና ጣቢያ ተደርሶ «ምንም የለበትም» ቢባልስ? በጠራው ሰው ላይ ማንም እንዳይስቅ፣ ማንም እንዳይወቅሰው። አንድ ጊዜ የተሳቀበት ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ይላል።

3. ምልክቶቹን ሰው ሁሉ ይወቃቸው

ወረቀት ላይ መለጠፉ ጥሩ ነው፤ በቃል ማወቁ ግን ይበልጣል። ትምህርት ቤት ያሉ ልጆች ቢያጠኑት ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚናገሩት እነሱ ይሆናሉ።

ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ አራት ምልክቶች አሉ። መጠጣት ወይም መጥባት አቃተው። የወሰደውን ሁሉ ያስመልሳል። አንዘፈዘፈው። ፈዘዘ፣ ወይም ሲጠሩት አይነቃም። ከአራቱ አንዷ ከታየች ክርክር የለም። ዕድሜው ከ2 ወር በታች ከሆነ ደግሞ ትኩሳትም ሆነ የሰውነት መቀዝቀዝ ብቻውን ይበቃል፤ ጠዋት አይጠበቅም።

ሳምባ ምችን ለመጠርጠር ትንፋሽ ይቆጠራል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሰዓት ያለው ስልክ ብቻ ነው። ልጁ እስኪረጋጋ ጠብቁ፤ እያለቀሰ ወይም ጡት እየጠባ አይቆጠርም። እናቱ ታቅፈው። ልብሱን ገለጥ አድርጉና ሆዱንና ደረቱን እዩ። ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ነው። ሙሉ 1 ደቂቃ ቁጠሩ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ያሳስታል፤ የሕፃን ትንፋሽ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ያዘግማል። ከ2 ወር በታች ለሆነ 60 እና ከዚያ በላይ፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ትንፋሽ ነው። ከ2 ወር በታች ያለው 60 ከሞላ አንዴ ደግማችሁ አረጋግጡ። አየር ሲስብ ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው የደረቱ ክፍል ወደ ውስጥ የሚሰረጎድ ከሆነ ቁጥሩን ትታችሁ ተነሡ።

በነገራችን ላይ ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ከፍታ ቦታ ላይ ጤነኛውንም ሰው ዝቅ አድርጎ ያሳያል። መሣሪያው ያላችሁ ከሆነ በመንደራችሁ ከፍታ የጤነኛ ልጆች ልኬት ስንት እንደሆነ ጤና ሠራተኛዋ ቀድማ ትመዝግብ። አለበለዚያ ወይ ሁሉም ታማሚ ይመስላል፣ ወይ ታማሚው ጤነኛ ይመስላል።

ነፍሰ ጡርና አራስ ሴት ላይ የሚታዩት እነዚህ ናቸው፦ ደም መፍሰስ፣ ከባድ ራስ ምታትና የዓይን መደብዘዝ፣ መንዘፍዘፍ፣ ትኩሳት፣ ከባድ የሆድ ሕመም፣ ምጥ ሳይጀምር የሽርት ውኃ መፍሰስ፣ የሽል መንቀሳቀስ ማቆም። ምጡ 12 ሰዓት ካለፈ ወይም የእንግዴ ልጁ አልወጣ ካለም እንዲሁ።

ለሌላው ሰው፦ ድንገተኛ የደረት ሕመም፣ የአንድ ጎን ሰውነት መዛል ወይም የአፍ መጣመም፣ ተኝቶም የማይለቅ የትንፋሽ ማጠር፣ ከራስ ጉዳት በኋላ ማስመለስና መፍዘዝ፣ የእባብ ንክሻ።

ተቅማጥ ላይ አንድ ቃል ልጨምር። ኦአርኤስ፣ ማለትም በውኃ የሚበጠበጠው የተቅማጥ ዱቄት፣ ቤት ውስጥ ይኑር። ከሌለ 1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ላይ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጠበጣል፤ ማንኪያው ልክ እስከ አፉ ይሁን፣ አይቆለል። ጨው ከበዛ ልጁን ይጎዳዋል። ለልጁ በትንሽ በትንሹ፣ ደጋግሞ ይሰጠዋል። ጡት አይቋረጥም። ዚንክ ከጤና ሠራተኛዋ ካገኛችሁ ተቅማጡ ቢቆምም ከ10 እስከ 14 ቀን ይቀጥላል። መንገድ ላይም ቢሆን መጠጡ አይቁም።

4. ስልኩ

ኔትወርክ ያለበትን ድንጋይ ሁሉም ሰው ይወቀው። ድምፅ የማያደርስ ሲግናል አጭር መልእክት ሊያደርስ ይችላል፤ ጥሪው እምቢ ካለ ጻፉ። ብርድ ባትሪን ይገድላል፤ ሌሊት ስልኩን ከሰውነታችሁ ጋር አስጠግታችሁ ያዙት። ከተሸካሚዎቹ ቡድን ውስጥ የሁለት ሰዎች ስልክ ምንጊዜም ቻርጅና ካርድ ያለው ይሁን።

ደዋዩ ሲደነግጥ ይንተባተባል። ስለዚህ የሚባለው በደብተሩ ሽፋን ላይ ይጻፍ፦ የታማሚው ዕድሜና ጾታ፣ የታየው ምልክት፣ የጀመረበት ሰዓት፣ ከመንደር የምትነሡበት ሰዓት፣ መኪናው የሚጠብቅበት ቦታ፣ የምትደርሱበት ሰዓት። ከዚያ ስልኩን ያነሣውን ሰው «ደግመህ ንገረኝ» በሉት። የሰማውን ሲደግም ስሕተቱ ይያዛል። አምቡላንስ ከሌለ የባለመኪናዎች ስልክ ተራ በተራ ይሞከራል፤ ቢያንስ ሦስት ይኑራችሁ።

5. ቃሬዛው

የተሠራ ቃሬዛ ካላችሁ ቁልፍ በሌለው ቦታ አስቀምጡት። ቁልፉን የያዘው ሰው ሰርግ ሄዶ ከተገኘ ቃሬዛው የለም ማለት ነው።

ከሌላችሁ ከሁለት እንጨትና ከአንድ ወፍራም ብርድ ልብስ ይሠራል። እንጨቶቹ ቀጥ ያሉ፣ የማይጎብጡና ከታማሚው ቁመት በሁለቱም ጫፍ ክንድ ያህል የሚተርፉ ይሁኑ። ብርድ ልብሱን መሬት ላይ ዘርጉት። አንዱን እንጨት ከስፋቱ አንድ ሦስተኛው ላይ አጋድሙት። አጭሩን ወገን በእንጨቱ ላይ አጥፋችሁ መልሱት። ሁለተኛውን እንጨት በተመለሰው ጨርቅ ላይ፣ ከጫፉ ስንዝር ያህል ወደ ውስጥ አስገብታችሁ አስቀምጡት። የቀረውን ሰፊ ወገን በእሱ ላይ አጥፋችሁ ወደ መጀመሪያው እንጨት መልሱት። መስፋትም ማሠርም የለበትም፤ የታማሚው ክብደት ራሱ ጨርቁን ይዞ ያስቀረዋል። ግን በጤነኛ ሰው ሳትሞክሩት ታማሚ አታስተኙበት። ጉልበት ድረስ ብቻ አንሡትና እዩት።

በአንድ ጊዜ 4 ሰው ይሸከማል። ቢያንስ 8፣ መንገዱ ረጅም ከሆነ 12 ሰው ይውጣ። ቁመታቸው የሚቀራረብ በአንድ ምድብ ይሁኑ። በየ10 ወይም 15 ደቂቃው ይቀያየሩ፤ «ገና አልደከመኝም» የሚል ጎበዝ ቢኖርም ይቀየር። ሰው የሚወድቀው እንደደከመው ሳይናገር ነው። ከተሸካሚዎቹ ሌላ አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ከፊት ይሂድና መንገዱን ይምራ። «ድንጋይ»፣ «ቁልቁለት»፣ «ቁሙ» ማለት የእሱ ሥራ ነው። አንድ ሰው ደግሞ በታማሚው ራስ በኩል ይሁን፤ እያናገረው፣ ትንፋሹን እያየ። ታማሚዋ ሴት ከሆነች ይህቺ ሰው ሴት ብትሆን ይሻላል።

ሜዳና ቁልቁለት ላይ እግር ይቀድማል። ዳገት ላይ ራስ ይቀድማል። እንዲህ ከሆነ ራሱ ከእግሩ በታች አይወርድም። ገደል ባለበት ታማሚው ደረቱና ጭኑ ላይ በጨርቅ ይታሠር፤ ትንፋሽ እስኪያጥረው ግን አይጥበቅ። ነፍሰ ጡር ሆዷ ላይ አይታሠርም፣ በግራ ጎኗ ትተኛለች። ራሱን የሳተ በጎኑ ይተኛል። ትንፋሽ ያጠረው ከወገቡ ቀና ይላል።

በቅሎ ወይም ፈረስ ቁጭ ማለት ለሚችል ሰው ጥሩ ነው። ለሚደማ፣ ለምትምጥና አጥንቱ ለተሰበረ ግን አይሆንም።

ከሸክሙ ጋር የሚሄድ አንድ ቦርሳ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ። ላስቲክ ሸራ፣ ተጨማሪ ብርድ ልብስ፣ የእጅ ባትሪና መለዋወጫ ድንጋይ፣ ገመድ፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ ጓንት፣ የሚጠጣ ውኃ፣ ኦአርኤስ፣ እስክሪብቶና ደብተር። ሸራውን የጻፍኩት መጀመሪያ ላይ ነው፤ ተራራ ላይ ዝናብ የመታው ታማሚ በብርድ ብቻ ሊሞት ይችላል። ከረጠበ እርጥቡን ልብስ አውልቁና በደረቅ ጠቅልሉት።

6. መንገድ ላይ የሚደረግና የማይደረግ

የሚደማ ቁስል ላይ ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ በእጅ አጥብቃችሁ ተጫኑት። በየደቂቃው እየገለጣችሁ አትዩት። ጨርቁ ከራሰ በላዩ ሌላ ጨምሩ።

እባብ ሲነድፍ መቁረጥ፣ መምጠጥ፣ ማቃጠል፣ በገመድ ጥርቅም አድርጎ ማሠር የለም። ቀለበትና አምባር ይውለቅ፣ እብጠቱ ይመጣልና። የተነደፈው እጅ ወይም እግር በእንጨት ተደግፎ እንዳይንቀሳቀስ ይደረግ። ሰውዬው ራሱ አይራመድ፤ ቃሬዛ ላይ ይውጣ።

የተቃጠለ ሰውነት ላይ 20 ደቂቃ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ይፍሰስበት፤ በረዶ ግን አይደረግም። ቅባት፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቅጠል አይቀባም። ከዚያ የቀረው ሰውነቱ እንዳይበርደው ይሸፈን።

የተሰበረ አጥንት ባለበት ሁኔታ በእንጨትና በጨርቅ ይደገፋል። ለማቃናት መጎተት የሐኪም ሥራ ነው። ካሠራችሁ በኋላ ጣቶቹን እያያችሁ ሂዱ፤ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ ማሠሪያውን አላሉት።

ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይገባም። ውኃም ቢሆን። ለሚንዘፈዘፍ ሰውም እንዲሁ፤ ጥርሱ መካከል ማንኪያ መክተቱ ጥርስ ይሰብራል እንጂ አይጠቅምም።

አራስ ልጅ በጨርቅ ብቻ ተጠቅልሎ መንገድ አይሄድም። ራቁቱን፣ ኮፍያና የሽንት ጨርቅ ብቻ አድርጎ፣ በእናቱ ወይም በሌላ ሰው ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ ይለጠፋል፤ ከላይ ይሸፈናል፣ አፍንጫው ክፍት ይሆናል። ይህ ዘዴ በ1978 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ቦጎታ ውስጥ ነው። ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ የተባሉ ሐኪም ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት የማሞቂያ ሣጥን ሲያጥርባቸው እናቶቹን ማሞቂያ አደረጓቸው። ቦጎታ ራሷ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቀዝቃዛ ከተማ ናት። ከፍታ ላይ የሚወለዱ ሕፃናት በክብደት አነስ ስለሚሉ ነገሩ ለተራራ ሰው ይበልጥ ይሠራል።

7. ወሊድ ቀን አለው

ከድንገተኛ ሕመሞች ሁሉ ቀድማችሁ ልትዘጋጁለት የምትችሉት ይህ ነው። መቼ እንደሚመጣ በግምት ይታወቃል።

ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ብዙ ደም ካልተገታ በ2 ሰዓት ገደማ ውስጥ ሊገድል ይችላል። ከመንደራችሁ እስከ ጤና ጣቢያው 6 ሰዓት ከሆነ ሒሳቡን ራሳችሁ ሥሩት። የቱንም ያህል ጎበዝ ተሸካሚ ቢኖራችሁ አትደርሱም። ስለዚህ ለሩቅ መንደር መፍትሔው ፈጣን ቃሬዛ አይደለም። ሴትዮዋ ምጥ ከመምጣቱ በፊት ወርዳ እዚያ መገኘት አለባት።

ብዙ አገሮች ለዚህ የእናቶች ማቆያ አላቸው። ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ያለ፣ ነፍሰ ጡሯ የመውለጃዋ ጊዜ ሲቃረብ መጥታ የምትቆይበት ቤት ነው። ከሌለ በአካባቢው ዘመድ ወይም የሚከራይ ክፍል ፈልጉ። የመውለጃ ቀን ግምት ስለሆነ 2 ወይም 3 ሳምንት ቀድሞ መውረዱ ይመረጣል። በፊት በቀዶ ሕክምና የወለደች፣ ደም ፈሷት የምታውቅ፣ መንታ ያረገዘች ወይም ደም ግፊት ያለባት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ የሚያወላውል ነገር የለውም። መቼ መውረድ እንዳለባት ከአዋላጅ ነርሷ ጋር ቀድማ ትነጋገር።

ሴቶች ወደ ማቆያ የማይሄዱበትን ምክንያት እንጠይቅ ካልን መልሱ ቅርብ ነው። ቤት ያሉ ልጆችን ማን ያያል? ከብቱን ማን ያጠጣል? እዚያ ምን ትበላለች? ማን አብሯት ያድራል? እዚህ ላይ ምክር ዋጋ የለውም። ሰው ነው የሚያስፈልገው። ከመውረዷ ከ1 ወር በፊት ለእነዚህ አራት ጥያቄዎች በእያንዳንዱ ላይ የአንድ ሰው ስም ይጻፍ። ስም ያልተጻፈበት ጥያቄ ካለ አትወርድም ብላችሁ ጠብቁ።

ደም የሚለግሱ ሁለት ሦስት ሰዎችም አብረው ይታሰቡ፤ የደም ዓይነታቸውን ቀድመው ያስመርምሩ።

እንዲያም ሆኖ መንገድ ላይ ወይም ቤት ከወለደች፦ ሕፃኑ ወዲያው ጡት ይያዝ፤ መጥባቱ ማሕፀን እንዲኮማተር ይረዳል። ሽንቷን ትሽና። የእንግዴ ልጁን እትብት ይዞ መጎተት ክልክል ነው። ደም ከበዛ ጉዞው ወዲያው ይቀጥል። በአንዳንድ አገሮች ጤና ሠራተኞች ደም የሚያስቆም እንክብል ለሩቅ መንደር እናቶች አስቀድመው ይሰጣሉ፤ በእናንተ አካባቢ ይሰጥ እንደሆነ በክትትል ጊዜ ይጠየቅ።

8. መድኃኒቱ እንዳያልቅ

ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የሚጥል በሽታ፣ ኤችአይቪ፣ የሳምባ ነቀርሳ። እነዚህ ያለባቸው ሰዎች በየወሩ ተራራ ወርደው ይወጣሉ፤ አንድ ቀን ይሰለቻቸውና ይቀራሉ። ከበሽታው ጋር ተረጋግተው ለቆዩ ሰዎች የ2፣ የ3 ወይም የ6 ወር መድኃኒት በአንዴ መስጠት የሚቻልባቸው ብዙ ቦታዎች አሉ። ሐኪሙ ራቅ ካለ ቦታ እንደሚመጡ ላያውቅ ይችላል። «የመንገዴ ርዝመት ይሄን ያህል ሰዓት ነው» ብላችሁ በግልጽ ንገሩት።

ሲያልቅ ሳይሆን የ2 ሳምንት ሲቀር ይኬድ። መንገድ ቢዘጋ መጠባበቂያ ይኖራል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው። የሳምባ ነቀርሳም ሳሉ ቢጠፋም እስከ መጨረሻው ይወሰዳል፤ የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው።

ኢንሱሊን የሚወጉ ሰዎች ሙቀትን ይፈራሉ፤ ተራራ ላይ ግን ብርዱም ጠላት ነው። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀመጣል። ሌሊት ውኃ የሚረጋበት ቤት ከሆነ መስኮት አጠገብ አታኑሩት። አንዴ በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቀልጦ ደህና ቢመስልም ይጣላል።

9. ሐኪሙ ወደ እናንተ እንዲወጣ

ሁሉ ነገር መውረድን አይጠይቅም። ክትባት፣ የነፍሰ ጡር ክትትል፣ የደም ግፊት ልኬት ወደ መንደር ሊመጣ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ለነፍሰ ጡር 8 ጊዜ ክትትል እንዲደረግ መክሯል። ይህን ሁሉ ሽቅብ ቁልቁል እያለች ትጨርሳለች ብሎ ማሰብ ዘበት ነው። ከፊሉ እሷ ዘንድ መምጣት አለበት።

ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ደብዳቤ ጻፉ፣ አጭርና በቁጥር የተሞላ። ከ1 ዓመት በታች ስንት ሕፃን አለ? ስንት ነፍሰ ጡር? ስንት ክትባት ያላለቀለት? «ችግራችን ብዙ ነው» ከሚል ደብዳቤ «11 ሕፃናት ክትባት ይጠብቃሉ» የሚለው ቶሎ ይነበባል። ቀኑ ሰው ሁሉ ቤቱ የሚገኝበት ይሁን። በቀጠሮው ቀን መጋረጃ ያለው ክፍል፣ ጠረጴዛ፣ የእጅ መታጠቢያ ውኃ፣ ስም ዝርዝር ይቆይ። የክትባት ሣጥኑን የሚሸከም ሰው ታች ድረስ ወርዶ ይጠብቅ። ለባለሙያው ማደሪያ ይዘጋጅ። አንዴ መጥቶ ሰው ያላገኘ ባለሙያ ሁለተኛ ላይመለስ ይችላል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን መንደሩ ውስጥ የሚኖር ሰው ነው። ኔፓል ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሴት የጤና በጎ ፈቃደኞችን በየመንደሩ አሰማርታለች። ኢትዮጵያም በ2003 እ.ኤ.አ. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙን ስትጀምር ከዚያው አካባቢ የተመረጡ ሴቶችን 1 ዓመት አሠልጥና ደመወዝተኛ አድርጋ ነው። ሩዋንዳ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደም በድሮን ትልካለች፤ ግሩም ነው። ድሮን ግን በሌሊት በር አንኳኩቶ «ልጁን ላየው» አይልም። ምርጫ ከተሰጣችሁ መጀመሪያ ሰው ጠይቁ።

10. ገንዘቡ

አጭር ነው። በየወሩ አቅም የፈቀደውን አዋጡ። ቁልፉ የሁለት ሰው፣ ደብተሩ የሦስተኛ ሰው ይሁን። ከፊሉ በጥሬው ይቀመጥ፣ ሌሊት ኔትወርክ ሲጠፋ የሞባይል ገንዘብ አይወጣምና። መጀመሪያ ተከፍሎ ይኬዳል፤ ማን ይመልስ፣ ለማን ይተው የሚለው ታማሚው ከተመለሰ በኋላ ይታያል። የጤና መድን ካለ ጤነኛ ሳላችሁ ተመዝገቡ፣ ካርዱም ከቦርሳው ጋር ይሁን።

11. ከደረሳችሁ በኋላ፣ ስትመለሱም

የተረኛውን ባለሙያ ስትገናኙ መጀመሪያ የአደጋ ምልክቱን ተናገሩ፤ የመንገዱን ታሪክ ሳይሆን። «ከወለደች 3 ሰዓቷ ነው፣ ደሙ አልቆመም።» የተሰጠ መድኃኒት ካለ፣ የባህል መድኃኒትም ቢሆን፣ አትደብቁ። ሪፈር ከተባለ ወረቀቱ በእጃችሁ ይግባ፤ የሚቀበለው ሆስፒታል ተደውሎለት እንደሆነም ጠይቁ። ስትወጡ መድኃኒቱ በቀን ስንት ጊዜ፣ እስከ መቼ፣ ምን ከታየ ተመለሱ እንደተባለ በራሳችሁ ቋንቋ ጻፉት። አንብባችሁ አረጋግጡ።

በሳምንቱ ውስጥ ተሸካሚዎቹና ቤተሰቡ ይሰብሰቡ። ጥያቄው ማን አጠፋ አይደለም፤ ሰዓቱ የት ሄደ ነው። ምልክቱ ስንት ሰዓት ታየ? ስንት ሰዓት ተነሣችሁ? መሐል ላይ ምን ተደረገ? ያልተገኘ ሰው ነበር? መልሱን ደብተሩ ላይ ጻፉና ለሚቀጥለው አንድ ነገር ለውጡ። ታማሚው ሞቶ ከሆነም ይደረግ፤ ቤተሰቡ ሲረጋጋ፣ በርኅራኄ።

ስም ዝርዝሩ ቶሎ ያረጃል። ወጣቱ ለሥራ ይወጣል፣ ቁጥር ይቀየራል፣ የባትሪው ድንጋይ ይሞታል። በየ3 ወሩ ደብተሩን ከፍታችሁ በየቁጥሩ ደውሉ። የማያነሣውን ሰርዙ፤ በምትኩ በዚያው ቀን ሌላ ሰው ጻፉ።